ሥርዓት ያለ አዛዥ ይገኛልን?

ሰው ሥርዓት ባየበት ስፍራ ሁሉ አዛዥን ይፈልጋል። ሠራዊት በመልካም ቢሰለፍ የአለቃው ትእዛዝ፥ ቤት ቢቃና የአባወራው ተግሣጽ ነው ይላል። ሥርዓት በጠፋም ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በአለቃው ላይ ጥሎ ራሱን ነጻ ያወጣል። ይህ አሳብ እውነት መሆኑን በንብ እንመርምረው፤ ሕዝብን በንብ፥ ገዢን በአውራ መመሰል የቆየ ልማዳችን ነውና።

ንብ በበዛ ጊዜ ከቀፎው ተከፍሎ ይወጣል። አሥር ሺህ የሚያህለው መንጋ ከአውራዋ ጋር በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰፍሮ ሲታይ ሁከት እንጂ ምክር ያለበት አይመስልም። ነገር ግን ጀርመናዊው ሊቅ ማርቲን ሊንዳወር እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት፥ ከእርሱም በኋላ አሜሪካዊው ቶማስ ሲሊ እንዳስረዱት፥ አዲሱን ማደሪያ የምትመርጠው አውራ የምንላት እናት ንብ አይደለችም። ጥቂት መቶ ቃፊሮች በየአቅጣጫው ሄደው ባዶ የዛፍ ፍልፍል ይፈልጋሉ፤ ተመልሰውም የስፍራውን አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ ያመለክታሉ። ለመልካም ስፍራ ጭፈራው ይበዛል፤ ለደካማ ስፍራ ያንሳል። በመጀመሪያ ብዙ ስፍራዎች ይጠቈማሉ፤ በመጨረሻ ግን ቃፊሮቹ በአንዱ ይስማማሉ፤ መንጋውም ተነሥቶ ወደዚያው ይጓዛል።

ይህ ስምምነት ከወዴት ተገኘ ቢሉ፥ ከሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የሌላዪቱን ጭፈራ ያየች ቃፊር ወሬውን ብቻ ይዛ አታስተጋባም፤ ራስዋ ሄዳ ስፍራውን መርምራ ትመሰክራለች። ሁለተኛ፥ የመሰከረች ሁሉ ጭፈራዋን ቀስ በቀስ አሳንሳ ትተወዋለች እንጂ በክርክር አትጸናም። ስለዚህ ስሕተት ሥር ሳይሰድ ይጠፋል፤ እውነት ግን በየጊዜው አዲስ ምስክር ታገኛለች።

እንግዲህ ሥርዓቱ ያለ አዛዥ ተገኘ ማለት ያለ ሕግ ተገኘ ማለት አይደለም። ፈጣሪ ሕጉን በእያንዳንዲቱ ንብ ባሕርይ አኑሮታል። ሰው ግን ይህን የሚፈጽመው በፈቃዱ ነው። ያላየውን አየሁ የሚል፥ የሰማውን ሳይመረምር በገበያና በደጀ ሰላም የሚያወራ፥ ከተረታም በኋላ ዝም ማለትን የማያውቅ ሰው ጉዳቱ ትንሽ ይመስለዋል። ዳሩ ግን የማኅበር ሁከት የሚጠራቀመው ከእንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።

አለቃ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን መልካም አለቃም ቢሆን በሐሰተኞች ምስክሮች መካከል ቀና ፍርድ ለመስጠት ይቸገራል። ስለዚህ ሥርዓት ጠፋ ብሎ አለቃውን የሚወቅስ ሁሉ አስቀድሞ የገዛ አንደበቱን ይመርምር፤ የማኅበሩ ሥርዓት ከእርሱም ይፈለጋልና።