ድስቱና እጁ



አንባቢ ሆይ! ነጋዴ ነህና ስለ ዋጋ ልጠይቅህ። ዕቃ የሚረክሰው ሁልጊዜ ስለ ራሱ ጉድለት ነውን? ስለ ቡና ቢሆን መልሱን ታውቀዋለህ፤ ስለ ሰው ስንጠየቅ ግን እንረሳዋለን።

በወላይታ ሸክላ ሠሪዎችን ጪናሻ ይሏቸዋል፤ ቆዳ ፋቂውንና ቀጥቃጩንም እንዲሁ በየስሙ ለይተው ያቆሙታል። አንድ ቀን በቦምቤ ገበያ ያየሁት ይህ ነው። ገዢው ድስቱን በጣቱ አንኳኩቶ ደኅንነቱን አረጋገጠ፤ ገንዘቡን ግን በሴቲቱ እጅ ላይ ሳይሆን በምድር ላይ አኖረላት። እጇ ያበጀው ድስት ወጥ ይሠራበታል፤ እጇ ግን ከማዕድ ይከለከላል። በእንስራዋ የተቀዳው ውኃ ይጠጣል፤ ልጇን ለጋብቻ የሚጠይቅ ገበሬ ግን በአባቶች ዘመን አይገኝም ነበር፣ ዛሬም ብርቅ ነው። ነገሩ ስለ ንጽሕና ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ የሚጣለው ድስቱ ነበር!

እንግዲህ «ያገኙትን ይበላሉ» እየተባለ የሚነገረው ወሬ ስለ እርሷ አያስረዳም፤ የሚያስረዳው እኛ የሰጠናትን ስፍራ ነው።

ይህን ሙስሊም ሊስተው አይገባም። በነገሥታቱ ዘመን አባቶቻችን በብዙ ስፍራ የመሬት ርስት ስለተነፈጋቸው ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ሄዱ፤ ኋላም ንግድ የእስላም ተፈጥሮው ነው ተባለ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባልም ነበረ፤ ስለ እኩልነት በአዲስ አበባ ታላቁ ሰልፍ የተደረገው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። የወላይታም ሕዝብ እስከ አብዮቱ ድረስ በመንግሥት መዝገብ ሳይቀር «ወላሞ» እየተባለ በማይወደው ስም ይጠራ ነበር። ታዲያ የስምን ቁስል የሚያውቅ ሰው ሌላውን እንዴት በስም ያቆስላል?

ሱረቱል ሑጁራት በ11ኛው አንቀጽ መሳለቅንና በክፉ ስም መጠራራትን ከልክሏል። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ባነወረው ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገና የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለበት ነገሩት። አስተውል፤ አቡ ዘር ከቀደምት ሙስሊሞች አንዱ ነበረ እንጂ ትናንት የሰለመ አልነበረም።

«እኔ ማንንም አልሰድብም» ትለኝ ይሆናል። ያም ገዢ አልሰደበም። ገንዘቡን በምድር ላይ አኑሮ ሄደ እንጂ አንዲት ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣችም። እኔም ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ። የጀማችን ሰው ነበርና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትከሻችን ተጋጥሞ ዙህርን አብረን ሰገድን።