የባዶው ወንበር ሂሳብ

ለጓደኛችን ኒካሕ ሰንዳፋ ልንሄድ 12 ሆነን ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን እንበል፤ 3,600 ብር፣ ለየራስ 300። ጠዋት መገናኛ የተገኘነው ግን 9 ብቻ ነን። መኪናው ሞላም ጎደለም ዋጋው ያው ነው፤ ድርሻችን 400 ሆነ። ተማሪዋ እህታችን የያዘችው 300 ብቻ ስለነበር ተበደረች።

ከቀሩት አንዱ «ላልሄድኩበት ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ወንድሜ፣ ባዶውን ወንበር እኮ እሷ ከፈለችልህ! የሱረቱል ማኢዳ የመጀመሪያው አንቀጽ ውሎችን እንድንሞላ ያዘናል፤ «አለሁ፣ ቁጠሩኝ» ማለትም ውል ነው።

ታመህ ቢሆንስ? ዑዝር ወንጀሉን ያነሳል፤ የእህትህን 100 ብር ዕዳ ግን አያነሳም። ስለዚህ ድርሻህን ላክ። ይቅር ማለት የእነሱ ፈንታ ነው፤ ሐቃቸውን ማቅረብ ያንተ።