ፊቱ የሹሙ፣ ገላው የእህትህ

ልጄ፣ ባለፈው ከጂንካ ስትመጣ በስልክህ ያሳየኸኝ ምስል እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የአንድ ሹም ፊት ተቆርጦ በእኛ በአርቦሬ ልጃገረድ ገላ ላይ ተለጥፏል። ዶቃው አለ፣ የተላጨው ራስ አለ፣ ፀሐይ እንዳይመታት የምትደፋው ግማሽ ቅል እንኳ አልቀረም። ከሥሩ «ሥልጣኔህ ይኼው ነው» ይላል። አንተ ሳቅህ። እኔ ዝም ያልኩት ቃል አጥሮኝ ነው።

በሹም መሳቅ ነውር የለበትም። ውሃ አወጣለሁ ብሎ የጉድጓዱን ገንዘብ ከበላ፣ ሆዱን አግዝፈህ ሣለው። እጅህ ለሥዕል የተባረከ ነው፤ ተጠቀምበት። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንኳ የፖለቲካ ትችትንና ኪነ ጥበብን ከክልከላው ውጭ አድርጓል። እዚያ ምስል ላይ ግን የሹሙ ጥፋት የቱ ነው? ፈልጌ አጣሁት። ስድቡ እኛን መምሰሉ ብቻ ነው።

መለያውን ልንገርህ። ከመላክህ በፊት የሰውየውን ፊት በጣትህ ሸፍነው። የሠራውን ክፋት የሚያሳይ ሥዕል ከሆነ፣ እሱ ሲሸፈን ሳቁም አብሮ ይጠፋል። ተሸፍኖም የሚያስቅ ከሆነ ግን ቀድሞውንም የሚሳቀው በእሱ አልነበረም፤ በዶቃው፣ በጥቁረቱ፣ በቅሉ ነው። ያ ዘረኝነት ነው፤ «ቀልድ ነው» ቢሉህ አትስማቸው።

ፎቶው እንዴት እንደተነሳ አንተም ታውቃለህ። የቱሪስት መኪና ሲቆም ልጆቹ ይሰለፋሉ፤ ሒሳቡ በፎቶ ነው። ያቺ ልጅ ለጥቂት ብር ቆመች። ምስሏ ባሕር ተሻግሮ ሲዞር ኖሮ፣ ተመልሶ ለአገሯ ሰው መሳደቢያ ሆነ። ለዚህ የተከፈላት የለም፣ የጠየቃትም የለም።

ነገሩ በስልክ አልተጀመረም። ባርነት በ1934 በአዋጅ ከተሻረም በኋላ «ባሪያ» እና «ሻንቅላ» የሚሉት ቃላት ከሰው አፍ አልወረዱም። ዛሬ ቃሉን ጮክ ብሎ ለመናገር የሚያፍር ሰው ምስሉን ይልካል። አፉ ንጹሕ ይመስለዋል፤ ጣቱ ግን ያንኑ ተናግሯል።

አንድ ነገር ደግሞ ለጂንካ ጓደኞችህ ንገርልኝ። ጣሊያን በ1928 ሲወረን ኤንሪኮ ዴ ሴታ የሚባል ሠዓሊ ለወታደሮቹ የፖስታ ካርድ ይሥል ነበር። በአንዱ ካርድ ላይ ወታደሩ የተባይ ማጥፊያ መርጫ ይዞ ኢትዮጵያውያንን እንደ ትንኝ ሲረጭ ይታያል። በዚያው ጦርነት የጣሊያን አውሮፕላኖች እውነተኛ የመርዝ ጋዝ አርከፍክፈዋል። የወታደሩ ቤተሰብ ካርዱን ሲቀበል ስቆ ይሆናል፤ ጋዙ የወረደበት ገበሬ ግን ቆዳው ተላጠ። እዚያ ካርድ ላይ ደገኛና ቆለኛ አልተለየም። ዛሬ በእኛ መልክ የሚቀልደው ልጅ፣ አያቱ እዚያ ካርድ ላይ ነበሩ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፤ የምወድህ ስለሆንክ አልደብቅህም። መጀመሪያ ብትስቅም፣ የእኛን ምስል አይተህ ትንሽ ከከፋህ በኋላ የሙርሲ ሴት ከነከንፈር ሸክላዋ የተቀለደባትን ለጓደኛህ ላክህ። «እነሱ ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም» አልከኝ። ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ከጎረቤቶቻችን ከሐመሮች ሚስት አምጥተን የኖርን ሰዎች ነን። ሰው በጎረቤቱ መልክ መሳቅን ከለመደ፣ ነገ ከብት ሲጠፋና ግጦሽ ሲጠብ እጁን የሚይዝለት ነገር አያገኝም። ያቺን የላክኻትን አጥፋት፤ ለጓደኛህም ለምን እንዳጠፋሃት ንገረው። ሊስቅብህ ይችላል፤ ቻለው።

በምስሉ ላይ ያለችውን ልጅ በዶቃዋ ለይቻታለሁ። አሁን አግብታ ጸጉሯን አሳድጋለች። ስለ ምስሉ አልሰማችም፤ እኔም እስካሁን አልነገርኳትም። የበኩር ልጇ ግን ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ትንሽ ቆይቶ ስልክ ይይዛል። ምን ብለን እንደምንነግረው ለዕረፍት ስትመጣ ቁጭ ብለን እንማከር።