የፈቃድ ብርድና የግድ ብርድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾሞ የራበውና አጥቶ የራበው ሰው ሆዳቸው የሚጮኸው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ጿሚው ቅዳሴ ሲወጣ ቤቱ ገብቶ ይበላል፤ ያጣው ግን የሚጠብቀው ሰዓት የለውም። እንግዲህ ወደንና ፈቅደን የምንቀበለው መከራ፣ ማብቂያውን እያወቅን የምንገባበት ድካም፣ በእግዚአብሔር ፊት ምን ዋጋ አለው? ሌላው በግድ የተሸከመውን እኛ ለአንድ ሌሊት ብንቀምሰው በረከት ነው ወይስ ጨዋታ? እኔ ይህን ጥያቄ የማነሣው በምግብ ሳይሆን በብርድ ነው። ፍልሰታ የክረምት ጾም ናትና።

እኛ አዲ አርቃዮች ዝናብ እናውቃለን፣ ብርድ ግን እምብዛም አናውቅም። አገራችን ሞቃት ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን በጠረበው የሊማሊሞ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ደባርቅ የደረሰ ሰው ግን ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። ሰው 1,000 ሜትር በወጣ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የስሜን እረኛ ይህን በትምህርት ቤት ባይማረውም በደበሎውና በገሳው ያውቀዋል። የኛ ወጣት ግን ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል። ነጠላ ደግሞ ጥጥ ነው፤ ከራሰ ሙቀት መስጠቱ ቀርቶ ያለውንም ይወስዳል።

ከጦርነቱ በኋላ በአንዱ የፍልሰታ ጾም የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች የደብረ ታቦርን በዓል ለማክበር ነሐሴ 12 ቀን በአይሱዙ ተጭነን ወደ ደጋው ወጣን። ያረፍነው በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ ሸራ ወጥረን ነው። እስከ ማታ መዝሙሩም ሳቁም ደማቅ ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ዝናቡ ከነፋስ ጋር መጣ፣ ውኃውም በሸራው ሥር ገባ። መዝሙሩ ቆመ፤ የሚሰማው የጥርስ መንቀጫቀጭ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ክርክር ተነሣ። ግማሹ «የአጥቢያው ሰዎች ቤታቸውን ሰጥተውናል፣ እንሂድ» አለ። ሌላው «ለበረከት መጥተን ብርድ ፈሩ ልንባል ነው እንዴ? መናንያኑ ስንቱን ችለውታል» አለ። እውነት ነው፣ ለኛ የመናንያን ነገር ሩቅ አይደለም፤ ዋልድባ ጎረቤታችን ነው። እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ የሚኖሩ አባቶች እንዳሉ ከልጅነታችን ሰምተናል። ነገር ግን የዋልድባ መነኩሴ ነገ ጠዋት የሚመለስበት አይሱዙ በር ላይ ቆሞ አይጠብቀውም። እኛ ራሳችንን ከእርሱ ጋር ስናስተያይ ይህቺን ነገር ዘለልናት።

በዚህ መካከል አንዲት ባልቴት በዝናቡ ውስጥ ባትሪ ይዘው ሁለት ባና ተሸክመው መጡ። «የማርያም እንግዶች ናችሁ፣ ልጆቼ» ብለው ሰጡን። እኛም ተቀበልን፤ ታናናሾቹን አለበስንበት። ሲነጋ ባናውን ልንመልስ ቤታቸው ስንሄድ የልጅ ልጆቻቸው ምድጃው ዳር ጀንዲ ላይ ተኮራምተው አገኘናቸው። የቤቱ ልብስ እነዚያው ሁለት ባናዎች ነበሩ። «እማማ፣ ምነው ሳይነግሩን?» ስላቸው «እሳት አለን እኮ፣ ምን ሆንን» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እኛ ወደን የገባንበት ብርድ ያልወደዱት ሕፃናት ላይ ወደቀ። ተጋድሎ ያልነው ነገር ዕዳው በሌላ ሰው ቤት ተከፈለ። ኦሪት የድኻውን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስ ታዝዛለች፤ ምክንያቷም ሌላ የሚለብሰው የለውምና በምን ይተኛል የሚል ነው (ዘፀ. 22)። ልብ በሉ፣ ሕጉ ስለ አበዳሪው መንፈሳዊነት አይጠይቅም። ሌሊት የሚበርደው ማን ነው ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ታዲያ ስጦታውን እንቢ ማለት ነበረብን? እኔ እንዲህ አልልም። ቅዱስ ጳውሎስ ከ276 ነፍስ ጋር መርከቡ ተሰብሮ መላጥያ ደሴት በወጣ ጊዜ፣ ዝናብና ብርድ ስለ ነበረ የአገሩ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው (ሐዋ. 28)። ገና ወንጌል ያልሰሙ ሰዎች ናቸው። ሐዋርያውም ተጋዳይ ነኝ ብሎ ከእሳቱ አልሸሸም፤ እንዲያውም ራሱ ጭራሮ ለቅሞ ጨመረበት። እኔን የገረመኝ ይህ ነው። የሰውን እሳት ከሞቅህ እንጨት ጨምር እንጂ በብርድ በመኩራት የአስተናጋጅህን ፍቅር አትመልስ።

ጠዋት ሸራ ስንጠቀልል አንዱ ወጣት «ሌሊቱ እንዴት ደስ ይል ነበር!» አለ። አጠገቡ የነበረች እህታችን ግን ዝም ብላ ቆይታ «ዲያቆን፣ እኔ ይኼን ብርድ አውቀዋለሁ» አለችኝ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ደባርቅ ተሰድዶ በየትምህርት ቤቱ ተጠልሎ ነበር። እርሷም ያኔ ገና ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር በዚሁ መንገድ ወጥታ፣ የመማሪያ ክፍል ወለል ላይ ከርማለች። «ያኔ ማንም በረከት ነው አላለንም» አለች። ልጁ አቀረቀረ። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

ቅዱስ ጴጥሮስ በደብረ ታቦር ክብሩን ባየ ጊዜ እዚያው ሦስት ዳስ ሠርቶ መቅረት ፈልጎ ነበር። ለራሱ ዳስ አልጠየቀም፣ ይህ ትሕትናው ነው። ነገር ግን በተራራው ግርጌ የታመመ ልጁን ይዞ የሚጠብቅ አባት ነበረ (ማቴ. 17)። ጌታ ከተራራው ሲወርድ መጀመሪያ ያገኘው እርሱን ነው። ዳሱ ቢሠራ ኖሮ ያ አባት ምን ይሆን ነበር?

እንግዲህ የፈቃድ ብርድ ከንቱ ነው ወይ? አይደለም። ጆሮ ስንት ስብከት ሰምቶ ያልገባውን ነገር አንዳንድ ጊዜ እግር በአንድ ሌሊት ይረዳዋል። ኢሳይያስም ስለ ጾም ሲናገር የተራቆተውን ማልበስ ከጾሙ ለይቶ አላስቀመጠውም (ኢሳ. 58)። የበረደው ሰው ሲሞቀው የሚረሳ ከሆነ ግን ብርዱ ጉንፋን ብቻ ነው ያተረፈለት።

በዓመቱ ለቡሄ ጉዞ ገንዘብ ሲዋጣ ወጣቶቹ እንደ ልማዱ ባለጽሑፍ ቲሸርት ሊያሳትሙ አሰቡ። ያቺ እህታችን ተነሥታ በቲሸርቱ ፈንታ ብርድ ልብስ ይገዛ አለች። ያጉረመረመ ነበር፤ «ያለ ቲሸርት ምን ጉዞ አለ?» ያለም አልጠፋም። በመጨረሻ ግን ተገዛ። ለየራሳችንም ጋቢና ላስቲክ ይዘን ወጣን። ባልቴቷ አንዱን ብርድ ልብስ ተቀብለው ሌላውን መልሰው ሰጡኝና በጣታቸው ወደ ታች አሳዩኝ፤ «እዚያ ጭስ የሚወጣው ቤት አራስ አለች፤ ቶሎ አድርሱላት፣ ሳይጨልም።»