ስለ ቁራጭ ወረቀትና ስለ ጌጥ

ከባለ አበባ ወረቀት የተረፈውን ቁራጭ እየሰበሰቡ ፎቶግራፍ የሚለጠፍበትን የመታሰቢያ ደብተር ማስጌጥ ቁም ነገር ነውን ወይስ ጊዜ ማባከን? ጥያቄውን ንቀን አናልፈውም፤ ጊዜም ሒሳብ የሚጠየቁበት አደራ ነውና።

በእንግሊዝ አገር ሜሪ ዲላኒ የተባሉ ወይዘሮ ነበሩ። ካህኑ ባላቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1772 በአውሮጳ አቈጣጠር፣ በ72 ዓመታቸው መቀስ አነሡ። የግድግዳ ወረቀት ሠሪዎች ቀለሙ ስለ ተበላሸ የማይፈልጉትን ወረቀት ጭምር እየቈረጡ፣ በጥቁር ወረቀት ላይ እየደራረቡ፣ ዐይናቸው እስኪደክም ድረስ ወደ 1000 የሚጠጉ አበቦች ሠሩ፤ የየአበባውንም ስም ጻፉበት። ሥራቸው ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። እኒህን ሴት ሥራ ፈት ልንላቸው አንደፍርም፤ የደከሙት አበባው በትክክል እንዲታወቅ ነውና።

በአገራችንም ደጓሾች የብራናውን መጽሐፍ ገበታ በቆዳ ከለበጡ በኋላ፣ በውስጠኛው ፊት ቆዳው ያልደረሰበትን ስፍራ ብዙ ጊዜ በባለ ጌጥ ጨርቅ ቁራጭ ይሞሉታል። ይህን ጌጥ መጽሐፉን የከፈተ እንጂ ከሩቅ የቆመ አያየውም።

ነውሩ ሌላ ነው። ቁራጭ እንዲተርፍ ብሎ አዲስ ወረቀት የሚገዛ፣ ሣጥንም ሞልቶ የሚቈልፍ፣ ቈጣቢ ሳይሆን ሰብሳቢ ነው። ደግሞ አሲድ ያለበት ወረቀት ከፎቶግራፍ ጋር ተጣብቆ ሲኖር ሥዕሉን ያበላሸዋል፤ ያን ጊዜ የሟች አባት መልክ በጌጡ ይጠፋል። ይህ ቀላል በደል አይደለም!

ስለዚህ ገጹን የሚያስጌጡ እኅቶችና ወንድሞች አስቀድመው የሰውየውን ስምና ዘመን ይጻፉ፤ አበባው በቀረው ስፍራ ይለጠፍ።