በዐሥረኛው ቅጽ ላይ የደከመ አንባቢ

አንድን መጽሐፍ ጀምሮ በመካከል መተው ከግብረ ገብ አንጻር የሚያስጠይቅ ነገር ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ማንም ሰው የጀመረውን ልቦለድ ለመጨረስ ቃል ኪዳን አልገባም፤ ደራሲውም አንባቢውን በግድ አስቀምጦ አያስነብብም። ሆኖም የጀመሩትን ነገር ጣዕሙ ሲቀንስ የመተው ልማድ በመጽሐፍ ብቻ ተወስኖ አይቀርምና ጉዳዩን ጠጋ ብለን ብንመለከተው አይከፋም። ለዚህም አንድ የታወቀ ምሳሌ እንወስዳለን።

አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ጆርዳን «የዘመን መንኰራኵር» የተባለውን ረጅም የምናብ ልቦለድ የመጀመሪያ ቅጽ ያሳተመው በ1990 ነበር (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ሥራው እያደገ ሄዶ በመጨረሻ 14 ቅጾችና አንድ የመቅድም ታሪክ ሆነ፤ ቃላቱም ከአራት ሚሊዮን ይበልጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ አንባብያን ያማረሩበት በ2003 የወጣው 10ኛው ቅጽ፣ «የድንግዝግዝታ መስቀለኛ መንገድ» ነው። በ2000 የታተመው 9ኛው ቅጽ የተዘጋው በታላቅ ሥራ ነበር፤ ዋናው ባለታሪክ ራንድ ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ ረክሶ የኖረውን ኃይል አነጻ። አንባቢው ከሁለት ዓመት በላይ ጠብቆ ቀጣዩን ቅጽ ሲገልጥ ግን ታሪኩ ወደ ፊት አልተራመደም። ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ያ ሥራ ሲፈጸም ሌሎቹ ባለታሪኮች በየስፍራቸው ምን ያደርጉ እንደ ነበር ይተርካል። ያን ታላቅ ኃይል ከሩቅ የተረዱት «ምን ይሆን?» እያሉ ይደነግጣሉ፤ ከዚያም ወደየጉዳያቸው ይመለሳሉ። አንዱ እህል ሊገዛ ይሄዳል፤ እህሉንም ነቅዞ ያገኘዋል፤ እህሉ ከነቀዙ እስኪበጠር ድረስ አንባቢውም ቆሞ ይጠብቃል።

ይህ የደራሲው ጉድለት ነው የሚሉትን አንቃወምም። ትዕግሥት ማለት የደከመውን ጽሑፍ ብርቱ ነው ብሎ መመስከር አይደለም። ነገር ግን የያኔው አንባቢና የዛሬው አንባቢ የሚቸገሩበት ነገር አንድ አይደለም። የያኔው ጠብቆ ያገኘው ያንን ቅጽ ብቻ ነበር፤ 11ኛውን ለማግኘት እስከ 2005 መቆየት ነበረበት። ጆርዳን በ2007 ሲያርፍ ደግሞ መጨረሻው ገና አልተጻፈም ነበር፤ የቀሩትን ሦስት ቅጾች ብራንደን ሳንደርሰን ከደራሲው ማስታወሻዎች ተነሥቶ በ2013 ፈጸመ። ዛሬ 10ኛውን ለሚያነብ ሰው ግን መላው ሥራ ታትሞ ተቀምጦለታል። እንግዲህ የዛሬው ፈተና መሰልቸት ብቻ ነው።

ስለ መሰልቸት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው መነኵሴ ኤዋግሪዮስ ዘጶንጦስ ሊያስቀን የሚችል ሥዕል ትቶልናል። ሀኬት የያዘው መነኵሴ ሲያነብ የቀሩትን ቅጠሎች ይቈጥራል፤ በጽሕፈቱም ላይ ያጕረመርማል፤ በመጨረሻ መጽሐፉን ተንተርሶ ይተኛል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በበኩሉ ጽናትን በሁለት ክፉ ልማዶች መካከል ያስቀምጠዋል። በአንድ ወገን ልፍስፍስነት አለ፤ ይኸውም ደስታው ስለ ጐደለ ከመልካም ነገር ማፈግፈግ ነው። በሌላው ወገን ግትርነት አለ፤ ይኸውም ከሚገባው በላይ በአንድ ነገር ሙጭጭ ማለት ነው። ለአንባቢ ሁለቱም ቅርብ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች መጽሐፉን የሚወረውር አለ፤ «ዘጠኙን ጨርሼ እንዴት እተወዋለሁ?» ብሎ ጥርሱን ነክሶ ገጽ የሚገለብጥም አለ። የኋለኛው ከፊተኛው ይሻላል ብለን ለመፍረድ አንቸኩልም፤ ያለፈው ድካም ብቻውን ለሚመጣው ድካም ምክንያት አይሆንምና። መጠየቅ የሚገባው፣ ልንጸናለት የሚገባ መልካም ነገር በውስጡ በእርግጥ አለ ወይ የሚለው ነው።

በዚህ ቅጽ ውስጥ አለ እንላለን። ፔሪን የተባለው የብረት ቀጥቃጭ ረዳት ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ የጦር መጥረቢያ ታጥቆ ይኖራል፤ መሣሪያውን ግን ይጠላዋል። ከተኵላዎች ጋር የሚኖር ኢላያስ የሚባል ሰው ያን ጊዜውኑ ምክር ሰጥቶታል፤ እስከ ጠላኸው ድረስ ያዘው፣ መጥላትህ የቀረ ዕለት ግን ጣለው የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። በ10ኛው ቅጽ የፔሪን ሚስት ተማርካለች። ቀኑ በበረዶ ውስጥ፣ በፍለጋና በስንቅ ጭንቀት ያልፋል፤ የነቀዘውን እህል ሊገዛ የሄደውም እርሱ ነው። በመጨረሻ ስለ እርስዋ ወሬ ለማግኘት ሲል የአንድ ምርኮኛ እጅ በመጥረቢያው ይቈርጣል፤ የቀሩትንም በዚያው ያስፈራራል። ከዚያም መጥረቢያውን ጥሎት ይሄዳል።

ይህ ድርጊት በፈጣን ትረካ መካከል ቢመጣ ድንገተኛ ቍጣ በመሰለን ነበር። ከበረዶውና ከነቀዙ በኋላ ሲመጣ ግን አንድ ርኅሩኅ ሰው፣ ማንንም ለመጉዳት ሳያስብ፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተገፋ ወደ ጭካኔ ሲደርስ እናየዋለን። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ሥራው ክፉ ነው፤ እርሱም ያውቀዋል። መልካም ዓላማ ክፉ መንገድን አያጸድቅም ብለን በክፍል ውስጥ በአንድ መስመር የምናስተምረው ትምህርት፣ እዚህ ላይ እንቅልፍ ያጣና ሚስቱን የሚፈልግ ሰው ፊት ይቆማል። የሚያስተምሩ ሰዎች ያን መስመር ከመናገራቸው በፊት እንዲህ ያለውን ሰው በዓይነ ኅሊናቸው ቢያዩ ለአድማጮቻቸው ይጠቅማል።

አሳጥሮ የተጻፈ ማጠቃለያ አንብቦ ይህን ቅጽ መዝለል ይቻላልን? ይቻላል፤ ኃጢአትም የለበትም። ማጠቃለያው መጥረቢያው እንደ ተጣለ ይነግረናል፤ የጣለው ሰው ግን በዚያ ውስጥ እምብዛም የለም። በሌላ በኩል በቅጹ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲህ ዓይነት ክብደት አለው አንልም። የልዕልት ኢሌንን የዙፋን ድርድር የሚተርኩት ምዕራፎች በጣም ይረዝማሉ፤ እኛም በፍጥነት አልፈናቸዋል፤ ማንንም በእነርሱ ላይ እንዲታገሥ አንመክርም። የድርድሩ ውጤት በ11ኛው ቅጽ ይገኛል፤ የፔሪንም ሚስት ነጻ የምትወጣው በዚያው ነው።