ስለ ክራርና ስለ በገና፤ ዜማን እየወደዱ ባለ ዜማውን ስለ መናቅ

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ አንድ አባባል አለ፤ እርሱም በገና የዳዊት ነው፥ ክራር ግን የሰይጣን ነው የሚል ነው። ስለዚህ በገና ደርዳሪ በዐቢይ ጾም በክብር ይቀመጣል፤ ክራር መቺው ግን ከመጠጥ ቤት ጋራ ይቈጠራል። በወልድያ ወይም በመርሳ ወጣቶች ማታ ተሰብስበው ክራር ቢመቱ፥ ስለ ጥንቱ ዜማም ቢጫወቱ፥ ከሽማግሌዎች አንዱ «ይህ ለክርስቲያን ልጅ ይገባዋልን?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና በትዕግሥት እንመርምረው።

አስቀድመን መሣሪያዎቹን እንመልከት። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ክራር አምስት ወይም ስድስት። ሁለቱም ሁለት ቋሚ እንጨትና ከላይ አንድ አግዳሚ ቀንበር አላቸው፤ የሁለቱም አውታር በጥንት ዘመን ከከብት አንጀት ወይም ጅማት ይሠራ ነበር። በገና ያን የሚያጕረመርም ድምፁን የሚያገኘው በእያንዳንዱ አውታር ሥር ከምትገባ ቍራጭ ቆዳ ነው፤ እርስዋም እንዝራ ትባላለች። እንግዲህ ሁለቱ ከአንድ ቤተ ሰብ የተወለዱ ናቸው። በእንጨትና በአንጀት ውስጥ ጽድቅም ኃጢአትም አያድርም፤ የሚያድረው በሰው ልብ ነው።

መጽሐፍም ይህን ያስረዳናል። ዳዊት በሳኦል ፊት በደረደረ ጊዜ የታወከው ንጉሥ ዕረፍት አገኘ። ነቢዩ አሞጽ ግን በተመቸ አልጋ ተጋድመው እንደ ዳዊት ዜማ የሚያወጡትን ባለጠጎች አጥብቆ ወቀሳቸው። የወቀሳቸው ስለ ደረደሩ አይደለም፤ የወገናቸው ጥፋት ልባቸውን ስላልነካው ነው እንጂ። ያው አንዱ መሣሪያ በዳዊት እጅ መድኃኒት ሆነ፤ በእነዚያ እጅ ግን የድኻውን ጩኸት እንዳይሰሙ ጆሮአቸውን የሚደፍን ሰም ሆነባቸው።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ወልድያና ወደ መርሳ በደረሰ ጊዜ በብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል። እንዲህ ያለ መከራ ባየ አገር ትዝታ መጫወት ነውር ነውን? አይደለም። ሐዘንተኛ ራሱ በዜማ ይጽናናልና፤ የአገራችን አልቃሽም ሐዘንዋን የምታወጣው በሙሾ ነው። ነገር ግን ማታ ክራር ሲመታ ያመሸ ሰው ጥዋት ቅሬ በተጠራ ጊዜ ከቀረ፥ በጎረቤቱ ደጅ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ሳለ እጁን ከአውታሩ ካላነሣ፥ የአሞጽ ወቀሳ በእርሱ ላይ ነው።

ከዚህም የሚሰወር ሌላ በደል አለ። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቁ ናቸው። ከእነርሱ ሁለቱ የወሎን ስፍራ ስም ይዘዋል፤ አምባሰልም ለሀብሩ የደቡብ ጎረቤት ነው። የወሎ ሰው ስለዚህ ይመካል፤ መመካቱም ደግ ነው። ነገር ግን እነዚህን ቅኝቶች ለእኛ ያቆዩልን እነማን ናቸው? አዝማሪዎች ናቸው፤ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበሎች ናቸው፤ ከብት የሚጠብቁ እረኞችና ሕፃን የሚያባብሉ እናቶች ናቸው። እኛ ግን አዝማሪ የሚለውን ስም ለስድብ አደረግነው፤ ላሊበላውንም እንደ ለማኝ ቈጥረን መዝጊያ እንዘጋበታለን። በሠርጋችን ቀን አዝማሪውን እንጠራለን፤ ልጃችንን ለልጁ ለመዳር ግን እንጸየፋለን። በ2004 ዓ.ም. ያረፉት አስናቀች ወርቁ በክራራቸውና በቴአትር ሥራቸው በአገር ሁሉ የተወደዱ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ሥራቸውን በጀመሩበት ዘመን በመድረክ ላይ የምትቆም ሴት በብዙ ሰው ዘንድ የተናቀች ነበረች። ፍሬውን እየበሉ ዛፉን መርገም ይህ ነው።

ይህ ንቀት የሚያመጣውን ጉዳት በምሳሌ እንየው። በአውሮፓ ሉት የሚባል፥ ከዐረቦች ዑድ የተወለደ ባለ አውታር መሣሪያ ነበረ። ከ1700ዎቹ ዓመታት በኋላ ሰዎች ተዉትና ድምፁ ጠፋ። ከብዙ ዘመን በኋላ የጥንት ዜማ ወዳጆች እንደ ገና አነሡት፤ ሊያነሡት የቻሉትም የጣት አቀማመጡ በምልክት ተጽፎ ስለ ነበረ ነው። በእኛም አገር የቅዱስ ያሬድ ዜማ እንዳይጠፋ በ16ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት አደራጅተዋል። የአዝማሪው፥ የእረኛውና የላሊበላው ዜማ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም፤ መጽሐፉ ሰውዬው ራሱ ነው። እንግዲህ ባለ ዜማውን የሚንቅ ሰው መጽሐፍ እንደሚያቃጥል ነው። በደርግ ዘመን የበገና ድምፅ ከሬዲዮ በጠፋ ጊዜ ዜማው ያልሞተው እንደ አለሙ አጋ ያሉ ጥቂት ደርዳሪዎች ስለ ያዙት ነው፤ መሣሪያው ብቻውን በግድግዳ ተሰቅሎ ቢቀር ኖሮ ማንንም አያስተምርም ነበር።

ምናልባት አንድ ሰው «አዝማሪ ይሰክራል፤ ስለ ገንዘብም የማይገባውን ያሞግሳል» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚያደርግ እንዳለ አንክድም። ነገር ግን ብርሌውን ማን ሰጠው? ውዳሴውንስ ማን ገዛው? ሻጭና ገዢ አብረው በሠሩት ነገር ሻጩን ብቻ መኰነን ፍርድ ማጣመም ነው። አዝማሪው ቀና ነገር እንዲዘፍን የሚወድ፥ ቀና ለሆነው ዜማ ዋጋውን ይክፈል።

አሁን ደግሞ ወደ ዜማ ወዳጆቹ ማኅበር እንመለስ። የጥንት ነገር የሚወድ ሰው የሚፈተንበት ፈተና ትዕቢት ነው። አንዱ «እውነተኛው አምባሰል የእኔ ነው፥ የአንተ የተበላሸ ነው» ይላል፤ ሌላው የባለ ዜማዎችን ስም ቈጥሮ ጀማሪውን ያሳፍራል። በዚህ ጊዜ የሚወደደው ዜማው መሆኑ ቀርቶ የራስ ዐዋቂነት ይሆናል። ክራር የሚቃኝ ሰው ግን የሚሠራውን ያስተውል፤ አንድ አውታር ብቻውን ተቃኘ አይባልም። ሌላውን ሰምቶ ይጠብቃል ወይም ይላላል እንጂ። የራሱን ድምፅ ብቻ የሚሰማ አውታር ምንም ቢጠብቅ ቅኝቱን ያፈርሳል፤ አብዝቶ ከጠበቀም ይበጠሳል። የሰውም ማኅበር እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ወጣት ወዳጄ ሆይ፤ ክራርህን አትጣል። ነገር ግን በጎረቤትህ ሐዘን ቀን ዝም ማለትን ዕወቅ። ዜማውን ከሚያውቁት ሽማግሌና አሮጊት እግር ሥር ተቀመጥ፤ አንቱ በላቸው። ዛሬ በኪስህ በያዝኸው ስልክ ድምፃቸውን ልትቀርጽ ትችላለህና፥ አስቀድመህ አስፈቅዳቸው፤ ስማቸውንና አገራቸውን ጻፍ፤ ስለ ድካማቸውም የሚገባቸውን ስጥ። ጥዋት በደጅህ የሚያዜመውን ሰው ከሰማኸው በኋላ ባዶ እጁን አትስደደው። ከአንተ በኋላ የመጣውን ጀማሪም ሳታሳፍር አስተምረው።

ሽማግሌ ሆይ፤ አንተም ልጅህን ክራር ይዞ ባየኸው ጊዜ በመሣሪያው ላይ አትፍረድ። ከተጫወተ በኋላ ወንድሙን ከቀድሞ ይልቅ ያከብር እንደ ሆነ ተመልከት። የሚያከብር ከሆነ በክራሩ አልጠፋም፤ የሚንቅ ከሆነ ግን ክራሩን አስጥለህ በገና ብታስይዘውም አይጠቅመውም።